ከእኛ ጋር የገባ ዕቃ ከእኛ ጋር ይውረድ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተሰቤን ይዤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱን ስወርድ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ሰው ለማውረድ ድንገት ቆመ። ፍሬን ለመያዝ እግሬን ባሳርፍም ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ወርዶ ቀረ። ጫን ስለው ከሥሩ አንድ ነገር ተጨራመተ እንጂ መኪናው እንደ ወትሮው አልያዘም። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አውርጄ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠርዝ አዙሬ ከሚኒባሱ ጀርባ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከፔዳሉ ሥር የተቀረቀረው ክዳኑ የጠበቀ፣ እስከ ግማሹ ውሃ ያለበት፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ከመቀመጫዬ ሥር ተንከባሎ የመጣ ነው። የላዩ ወረቀት ተልጦ ወድቋል፤ አንገቱ ላይ የታተመው ቀን ውሃው ከታሸገ አምስት ወር እንዳለፈው ያሳያል፤ ማን እንደጠጣው፣ መቼ እንደጣለው ከአራታችን አንዳችንም አናስታውስም። ልጆቹ ከኋላ ጸጥ አሉ፤ ባለቤቴም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ስለ መኪና ውስጥ ንጽሕና ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መልኩ ነው፤ ፎደራው መታጠቡን፣ ዳሽቦርዱ መወልወሉን፣ ገና በሩ ሲከፈት ጥሩ ሽታ መኖሩን። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ ያለፈ አላስብም ነበር፤ መኪናዬንም በየሁለት ሳምንቱ ላቫጆ ስለማስገባት ንጹሕ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ያቺ ሃይላንድ ግን ጉዳዩ ከመልክ በፊት የፍሬን፣ የጤናና የቤተሰብ ደኅንነት ጉዳይ መሆኑን አሳየችኝ። ስለዚህ ያንን ቀን ተከትሎ ያደረግነውን፣ የተሳካልንንም ያልተሳካልንንም ጨምሬ እዚህ ላስፍረው።

መኪናችን ቪትዝ ናት። ለከተማ የተመቸች፣ ነዳጅ የምትቆጥብ፣ ለማቆም የማታስቸግር፣ ነገር ግን የኋላ ኮፈኗ ሁለት ሻንጣ ሲገባበት የሚሞላ ትንሽ መኪና ናት። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ባለቤቴን ቢሮ ታወርዳለች፣ ማታ ከገበያ የተገዛውን ትሸከማለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ በበዓል አገር ቤት ደርሳ ትመለሳለች። ቤታችን ቁም ሣጥን፣ መደርደሪያና ጓዳ ስላለው እያንዳንዱ ዕቃ የሚመለስበት ቦታ አለው፤ መኪና ግን ይህን ሁሉ ኑሮ ተሸክማ አንድም መደርደሪያ የላትም። ያየሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ መኪና ውስጥ የሚከማች ዕቃ የሚከማቸው ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ዕቃ የሚገባው በበቂ ምክንያት ሆኖ፣ የሚወጣበትን ሰዓት ግን የወሰነ ሰው ስለሌለ ነው። ጃንጥላው የገባው ሊዘንብ ስለሚችል ነው፤ ሹራቡ የገባው ጠዋት ስለሚበርድ ነው፤ ፌስታሉ የገባው «ያስፈልጋል» ተብሎ ነው። ሲገባ አንድ ሰው አስቦበታል፤ እንዲወጣ ግን ማንም አላሰበለትም።

እስከ ቅዳሜ ሳልጠብቅ፣ በማግሥቱ ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ግቢ ውስጥ አንድ ሸራ አነጠፍኩና ከመኪናዋ ጋር ያልተሠራውን ነገር ሁሉ አወጣሁ። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከወንበሮቹ ሥር ብቻ ሰባት ሃይላንድ፣ ሁለት የምሳ ዕቃ ክዳን፣ ጠፋ የተባለ የልጄ ጫማ አንዱ እግር፣ በኮቪድ ጊዜ የገዛናቸው የፊት መሸፈኛዎች፣ ከሁለት ፋሲካ በፊት የነበረ የደረቀ ቄጠማ፣ ቆሎ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ብር ሳንቲሞችና የተጣበቀ ከረሜላ ወጣ። ከኋላ ኮፈን ደግሞ ባለ 10 ሊትር የውሃ ጀሪካን ከነውሃው፣ ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል፣ የተበላሸ የካውያ ገመድ፣ አሮጌ የመማሪያ መጻሕፍት፣ ሦስት ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ጃንጥላና ለጠጋኝ ይሰጣል ተብሎ የተቀመጠ የተቀደደ ድንኳን አወጣሁ። ሸራው ላይ ያለውን ሁሉ በሚዛን ስመዝነው 38 ኪሎ ሆነ። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያለ ምክንያት በየቀኑ ጭነን ስንዞር ኖረናል ማለት ነው። በትንሽ መኪና ላይ የሚጨመር ክብደት ነዳጅ ይበላል፤ 45 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጭነት የነዳጅ ፍጆታን በ1 በመቶ ገደማ እንደሚያባብስ ይገመታል፤ መኪናዋ ትንሽ ስትሆን ደግሞ ጫናው ይበልጥ ይሰማታል። አንድ በመቶ ለብቻው ትንሽ ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ ለከሰልና ለአሮጌ ጫማ የሚከፈል ሲሆን ግን አንጀት ያሳርራል።

ከሰባቱ ሃይላንዶች አንዱን ላፈሰው ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ተው፣ እሱ ጸበል ነው» አለችኝ። ከሽንቁሩ ሚካኤል ያመጣችው ነው፤ ከሌሎቹ የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም፤ ወለል ላይ ከጫማ ጋር ሲንከባለል ከርሟል። ሁለታችንም አዘንን። የምናከብረውን ነገር ከቆሻሻ ጋር ያደባለቀው ማንም ሌላ አይደለም፤ ዕቃን ያለ ቦታ የማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ከዚያ ወዲህ ጸበል የሚመጣው ክር በታሰረበት ንጹሕ ጠርሙስ ነው፤ ከመኪና ሲወርድም የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት ላቫጆ ስገባ ሁልጊዜ የሚያጥብልኝ ወጣት በሩን ከፍቶ ትንሽ ቆም አለና «ጋሼ፣ ዛሬ ገና ውስጧን በደንብ ላጥባት ነው» አለኝ። እስከዛሬስ ብዬ ስጠይቀው በትሕትና የነገረኝን አልረሳውም። የደንበኛ ዕቃ መኪና ውስጥ ሲኖር እነሱ አይነኩትም፤ ቢጠፋ ጥያቄው ለእነሱ ስለሚተርፍ ዕቃው ባለበት ዙሪያውን ጠርገው ይመልሱታል። ከወንበር ሥር ዕቃ ካለ የአቧራ መሳቢያው እዚያ አይደርስም፤ ምንጣፉ ላይ ዕቃ ከተከመረ ምንጣፉ አይነሳም። ስለዚህ ለስንት ጊዜ ገንዘብ እየከፈልኩ የማሳጥበው ላዩን ብቻ ነበር። ላቫጆ ከመግባቱ በፊት መኪናውን ባዶ ማድረግ የባለቤቱ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ፣ ያን ቀን ከሾፌሩ ወንበር ሐዲድ ውስጥ ሁለት ሳንቲምና አንድ እርሳስ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ወንበሩ ወደኋላ ሲሳብ ይንቀጫቀጭ የነበረው በዚያ ምክንያት ኖሯል።

ስለ አደጋው ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በቅጽበት ቢቆም፣ ቀበቶ ያሰረ ሰው በቀበቶው ይያዛል፤ ያልታሰረ ዕቃ ግን በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ ፍጥነት አንድ ዕቃ ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ ተለቆ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ከኋላ መስኮት ሥር ያስቀመጥነው ቴርሞስ ወይም የመኪና መቆለፊያ ብረት ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ልጃችን ራስ እንደተለቀቀ አድርገን ብናስበው ማጋነን አይሆንም። ዳሽቦርድ ላይ የምናስቀምጠው ጌጥ፣ የስልክ ማቆሚያ፣ የሽቶ ጠርሙስና ወፍራም ጸጉራም ምንጣፍም እንዲሁ ነው፤ ከተሳፋሪው ፊት ያለው ኤርባግ የሚከፈተው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ከላዩ ያገኘውን ሁሉ ወደ ተቀማጩ ፊት ይወረውረዋል። የእኛ ዳሽቦርድ ላይ ሰው ሠራሽ አበባ ነበረ፤ ሳሎን ገብቷል።

የእግር ምንጣፍ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚንቀው ጉዳይ ነው። ጭቃ እንዳይነካው ብለን በምንጣፍ ላይ ሌላ ጎማ ምንጣፍ እንደርባለን፤ የላይኛው ከወለሉ ጋር የሚያያዝበት ነገር ስለሌለው እየተንሸራተተ ወደ ፔዳሎቹ ይጠጋል። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ አካባቢ፣ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ጎማ ምንጣፍ ቶዮታ የሚሠራትን የሌክሰስ መኪና የነዳጅ ፔዳል ወጥሮ ይዞት አራት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ሞቱ፤ በመስከረም 2002 ዓ.ም. ቶዮታ እዚያው አገር በዚሁ የምንጣፍ ችግር 3.8 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የሚመለከት ጥሪ አወጣ፤ ባለቤቶቹም የሾፌሩን በኩል ምንጣፍ እንዲያነሱ አሳሰበ። ይህን ካነበብኩ በኋላ በሾፌሩ በኩል አንድ ምንጣፍ ብቻ፣ እሱም ከመኪናዋ ጋር የመጣው፣ በወለሉ መንጠቆ የተያዘው ብቻ እንዲቀር አድርጌአለሁ። ቆሻሻው ይታያል፤ ይታይ። በየሁለት ቀኑ አውጥቼ አራግፈዋለሁ።

ወደ አደረጃጀቱ ልመለስ። ሱቅ ውስጥ ለመኪና ተብለው የሚሸጡ ብዙ ኪስ ያላቸው መያዣዎችን አይቻለሁ፤ አንዱንም አልገዛሁም፤ ምክንያቱም ኪስ በበዛ ቁጥር የሚረሳ ዕቃ ይበዛል የሚል እምነት አለኝ። እኛ ያደረግነው የእናቶቻችንን ዘንቢል ከኋላ ኮፈን ማስቀመጥ ነው። አንድ ዘንቢል ብቻ፤ ከወንበሩ ጀርባ በገመድ ታስሯል። ከገበያ የተገዛው እዚያ ይገባል፤ ቤት ስንደርስ ዘንቢሉ ከነዕቃው ይወርዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ሽንኩርት አይንከባለልም፤ ቲማቲም አይጨፈለቅም፤ ከሁሉም በላይ ዘንቢሉ ሙሉ ሆኖ ካደረ ጠዋት ስለሚታየኝ አልረሳውም። ለቆሻሻ የሚሆነን ደግሞ አፉ የተቆረጠ ባለ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው፤ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ በእጀታው ታስሯል። ልጆቹ የሙዝ ልጣጩን የት እንደሚያደርጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ አገኙ። ከዚያ በፊት «መኪና ውስጥ አትጣሉ» ስንላቸው የሚጥሉበትን ቦታ አላዘጋጀንላቸውም ነበርና ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም።

የኋላ ኮፈን ወለል ሥር የስኮርት ጎማ፣ ክሪክና ጎማ መፍቻ አሉ። እነዚህን የማነሳቸው ኮፈኑ በዕቃ ሲሞላ የሚያመጣውን ችግር ለማሳየት ነው። አንድ ምሽት ቃሊቲ አካባቢ ጎማ ሲተነፍስብን ስኮርቱን ለማውጣት ያን ሁሉ ጫማ፣ መጽሐፍና ከሰል በዝናብ አስፋልት ዳር ማራገፍ ነበረብኝ፤ ከባድ መኪኖች በአጠገቤ እያለፉ። ዛሬ ኮፈኑ ውስጥ በቋሚነት የሚኖሩት እሳት ማጥፊያው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ፣ አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድና አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ናቸው፤ ከዘንቢሉ ጋር ተደምረው ወለሉን ለማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጁም።

ከአገር ቤት ስንመለስ የሚመጣው ዕቃ ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አማቴ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ባዶ እጁን የሄደ አማች ባዶ እጁን አይመለስም። ባለፈው ዓመት አንድ ባልዲ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ በርበሬና ሽሮ ጨምረው ጫኑልን። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በረታ፤ ጎሐ ጽዮን ደርሰን ኮፈኑን ስከፍት ባልዲው ዘንበል ብሎ ቀልጦ የፈሰሰው ቅቤ ምንጣፉን አርሶታል። ያ ሽታ መኪና ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ቀን ይጥማል፣ ከሳምንት በኋላ ግን መቀመጥ አያስችልም። በውሃ ልንለቀልቀው ስንል አማቴ በስልክ «ልጄ፣ ውሃ እንዳታስነካው፤ ዱቄት ነስንስበትና እስኪጠጣው ተወው» አሉኝ። እንደተባልኩት አደረግሁ። በማግሥቱ ማለዳ ብርዱ ቅቤውን አርግቶት ስለነበር የላዩን በማንኪያ ፋቅሁ፤ ዱቄቱን ሦስት ጊዜ እየነሰነስኩ ጠረግሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጌ ምንጣፉን አውጥቼ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አሁን ማንኛውም ፈሳሽ ወይም ሊቀልጥ የሚችል ነገር የሚጫነው ጠርዝ ባለው የፕላስቲክ ገበቴ ውስጥ ነው፤ ቢፈስም ከገበቴው አያልፍም።

ሙቀቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ቆላ መውረድ እንኳን አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ውጭው 22 ዲግሪ በሆነበት ፀሐያማ ቀን፣ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አብዛኛው ጭማሪ የሚመጣውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ሕፃን ልጅን ለአፍታም ቢሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ ጥሎ መውረድ የማይገባው ለዚህ ነው። ላይተር፣ የሚረጭ ቆርቆሮ፣ የስልክ ተንቀሳቃሽ ባትሪና መድኃኒትም በዚያ ሙቀት ማደር የለባቸውም። ብዙ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ የሚል ጽሑፍ ማሸጊያቸው ላይ አለ፤ እኛ ግን የልጃችንን ሽሮፕ በዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ወር ሙሉ አቆይተነው ነበር።

ያ መሳቢያ አሁን የሰነድ ቦታ ብቻ ነው። የሊብሬው ቅጂ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱና የምርመራ ወረቀቱ በአንድ ክላሰር ተቀምጠዋል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲጠይቀኝ በአንድ እጅ አውጥቼ እሰጣለሁ።

የበዓል በግን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ተወያይተን ወስነናል። ለበዓል በግ በቪትዝ የኋላ ኮፈን መጫን አቁመናል፤ ለበጉም ጭንቀት ነው፣ ሽታውም ምንም ያህል ላስቲክ ቢነጠፍ ከወንበሩ ስፖንጅ ቶሎ አይወጣም። ባለፈው ገና ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ተዋጥተን አንድ ፒካፕ ተከራየን፤ ለእያንዳንዳችን የደረሰን ክፍያ ላቫጆ ለልዩ እጥበት ከሚጠይቀው ያነሰ ነበር። ቄጠማውንም በማዳበሪያ አሥረን ነው የምናመጣው።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን በአንድ ልማድ ነው። ማታ ግቢ ገብተን ሞተር ሳጠፋ ማንም ባዶ እጁን አይወርድም። ሁሉም ከእሱ ጋር የገባውን፣ የራሱ ባይሆንም በእጁ አቅራቢያ ያለውን ይዞ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ የመጨረሻው ሆኜ በስልኬ መብራት ከወንበሮቹ ሥር አያለሁ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹ እየረሱ ይሮጡ ነበር፤ ስንጠራቸው ያኮርፉ ነበር፤ አሁን ትንሹ ልጄ እኔ የረሳሁትን ጃኬት እያነሳ «አባዬ፣ ከእኛ ጋር የገባ» ብሎ ይጀምርና እኔ እንድጨርሰው ይጠብቀኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህቺን መኪና የምንለውጥበት ቀን ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የምንኖርባት አድርገን ነው የምንይዛት።

ክረምቱ ግን እስካሁን አልተሸነፈልኝም። ሐምሌና ነሐሴ እርጥብ ጃንጥላና ጭቃማ ጫማ ሲገባ ምንጣፉ አይደርቅም፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ውሃውን ይዞ ይሻግታል። ከምንጣፉ ሥር ጋዜጣ አነጥፋለሁ፤ በየማታው እለውጣለሁ፤ ፀሐይ በወጣች ቁጥር አራቱንም በር ከፍቼ አቆማታለሁ። ሽታው ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። የተሻለ መላ ያለው ሰው ቢያካፍለኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ ቦታ ብቻ እኔ የማልነካው አለ፤ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ያለው ኪስ። እሱን ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሰጥቻታለሁ፤ ውስጡ የፈለገችውን ታስቀምጣለች፣ ዓርብ ማታ ግን ራሷ ታራግፈዋለች። ባለፈው ዓርብ ከውስጡ አራት ጠጠር፣ አንድ የወፍ ላባና በአራት የታጠፈ የመኪናችን ሥዕል አወጣች፤ ጠጠሮቹን ግቢው ውስጥ አስቀመጠች፣ ላባውንና ሥዕሉን መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተቻቸው።